ጉሮሮ የሚደርስ ጠብታ

አባየ ኮሩ የሚለውን ወሬ የሰማሁት ቡሬ ገበያ፣ በርበሬ ተራ ውስጥ ነው።

የነገረችኝ የአገሬ ሴት ናት። ቤቷ ከቤታችን ሁለት አጥር አለፍ ብሎ ነው። በርበሬዋን ይዛ ቡሬ በመጣች ቁጥር እናቴ የላከችልኝን ታደርስልኛለች፤ የእኔንም መልእክት ይዛ ትመለሳለች። ያን ቀን ግን የጆንያዋን አፍ እየፈታች፣ ሰላምታዬን እንኳ በቅጡ ሳትመልስ ጀመረችኝ።

«አንቺ፣ ቄሱን ምን አድርገሽ አበላሸሻቸው?»

«ምን ሆኑ?»

«ኮሩ እንጂ! አንቺ ፋብሪካ ከገባሽ ወዲህ ኮሩ። ባለፈው እሑድ መስቀል ልሳለም በጎናቸው ሄጄ ጎንበስ ብል ጥለውኝ አለፉ። ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። አገር አየኝ እኮ!»

«አላዩሽ ይሆናላ።»

«እኔን? ይኼን ቁመት?» ብላ ተነሥታ ቁመቷን አሳየችኝ። «እሺ፣ አላዩኝም እንበል። ‹አባ!› ብዬ ስጣራ ዘወር ብለው ‹ማነሽ?› አሉኝ። ማነሽ! አንቺን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁ እኔን!»

ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስም ብሎኝ ነበር። አንድ ቄስ በልጁ ሥራ መያዝ የሚኮራ ከሆነ፣ ልጅቱ የሆነች ነገር ናት ማለት ነው። ይህን ደስታዬን ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ሥራዬ ማየት ነው። ቡሬ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ለሚገዛው በቆሎ የጥራት መርማሪ ነኝ። መኪና ላይ የተጫነውን ጆንያ ውስጡ ክፍት በሆነ የብረት ዘንግ ወግቼ እፍኝ እህል አወጣለሁ፤ ነጭ ሳህን ላይ በትኜ የተሰበረውን፣ የሻገተውን፣ ነቀዝ የገባበትን እለያለሁ። ሾፌሮቹ ሲበሳጩብኝ «ይቺ ልጅ ነቀዙን ገና እንቁላል ሳለ ታየዋለች» ይላሉ። ግጥምም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ወረቀት ሲያልቅብኝ የናሙና ፖስታ ጀርባ ላይ እሞነጫጭራለሁ። ሰው የማያየውን አያለሁ ብዬ በልቤ የምኮራ ሰው ነበርኩ። ኩሩዋ እኔ ነበርኩ።

ቤተሰብ ለመጠየቅ በየሁለት ሳምንቱ እሄዳለሁ። ከቡሬ በሚኒባስ ማንኩሳን አልፎ፣ ፍኖተ ሰላም ሳይደረስ ወርጄ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አቀበት በእግሬ ነው። ሳሙና፣ ስኳር፣ ለእማየ የራስ ሻሽ ይዤ እገባለሁ፤ ስመለስ ከያዝኩት እጥፍ ተሸክሜ እወጣለሁ። ባዶ እጅ መሸኘት በእናቴ ዘንድ ከስድብ ይከፋል። አንድ ጊዜ ቤት ምንም ስላልነበረ፣ ሚኒባስ ውስጥ የሚንጫጫ ዶሮ አሸክማኝ ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ ቡሬ ገባሁ።

የአባየ ነገር ደግሞ ምስጋናቸው ነው። ማዕድ ከተነሣ በኋላ ሲያመሰግኑ ረጅም ናቸው። እህሉን፣ እህሉን ያበቀለውን ዝናብ፣ ውኃ የቀዳችውን፣ ውኃውን የተሸከመችውን አህያ ሳይቀር ያነሣሉ። ልጅ ሳለሁ ተነሥቼ ለመሮጥ እየቸኮልኩ፣ አህያዋ እስክትደርስ እጠብቅ ነበር፤ አህያዋ ከተጠራች ምስጋናው ወደ ማለቁ ነው። ካደግሁ በኋላ ይኸው ምስጋና ያበሳጨኝ ጀመር። በረዶ በቆሏችንን ባወደመበት ዓመት «ተመስገን፣ በርበሬው ተረፈልን» ሲሉ፣ በረዶውን የላከ ማን ሆነና ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

ሴትዮዋ ወሬውን በነገረችኝ ሳምንት ሄድኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአባየ ጋር ወደ ቤት ስንመለስ፣ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ በግራ ጎናቸው ትንሽ ቀደም ብዬ እሄድ ነበር። ወሬ አቋርጬ ዝም ስል ቆም አሉ።

«ልጄ፣ የት ገባሽ?»

«አለሁ አባየ፣ እዚሁ ነኝ።»

«የታለሽ?»

እጄን ብዘረጋ እነካቸዋለሁ፤ እንዲያ ቅርብ ነበርኩ። እንደ ቀልድ መዳፌን ከጆሯቸው አጠገብ አድርጌ ቀስ እያልኩ ወደ ፊታቸው አመጣሁት። አፍንጫቸው ፊት ደርሶ ሊነካቸው ሲል ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ።

«እጅሽ ከየት መጣ?» ብለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። በቀኝ በኩልም እንዲሁ አደረግሁ። በቀኙ ፊታቸው ደርሶም አላዩት።

አጥር ሥር ተቀመጥን። ከስንት ጊዜ ወዲህ ነው ብል «ቀስ እያለ ስለሄደ መቼ እንደሄደ አላስታወቀኝም» አሉ። ዳዊቱንስ እንዴት ያነቡታል? በየጧቱ ከፍተው፣ ገጽ እየገለጡ፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አይቻለሁ።

«ዳዊትን ለመድገም ዓይን ምን ይሠራል?» አሉ። «ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አፌ ያውቀዋል። መጽሐፉን የምዘረጋው ለክብሩ ነው።»

ገጹን የሚገልጡት በልማድ ነበር፤ የት ላይ መገለጥ እንዳለበት እጃቸው ያውቃል። ቅዳሴውም በቃላቸው ነው። መቅደስ ውስጥ ያለውን እርምጃ እግራቸው ያውቀዋል። ለዚህ ነው ማንም ያላየው። ሌላ ሰው ቢሆን፣ ወፍጮ ቤት ወይም ሱቅ የሚሠራ፣ በወሩ በታወቀ ነበር። እሳቸው ግን ሕይወታቸውን በሙሉ በቃል ይዘውታል።

«የፊት ለፊቱ ይታየኛል፣ ተመስገን» አሉ። «አንቺ ግን ለማንም እንዳትናገሪ። ለእናትሽም ቢሆን።»

«ለምን?»

«ዓይኑ የማያይ ቄስ መቅደስ አይገባም። ታውቂዋለሽ።»

ቃል ገባሁ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚህ ቃል ነው፤ ስጠብቀውም ሳፈርሰውም።

ባህር ዳር ወደ አንድ የዓይን ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ለእማየ «ዓይኔን ያሳክከኛል» አሏት። በሚኒባሱ መስኮት በኩል አስቀመጥኳቸው፤ ቡሬን፣ ቲሊሊን፣ ዳንግላን፣ መራዊን ባለፍን ቁጥር «ይኼ የት ነው?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን ስነግራቸው ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው ያማትባሉ። አንዳንዴ በየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይጠይቁኝ በተቃራኒው አቅጣጫ ያማትቡ ነበር፤ እኔም አላርማቸውም።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። አገጫቸውን አንድ ነጭ ጎድጓዳ መሣሪያ ላይ አስደግፋ፣ ውስጡ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር የሚጫኑት ቁልፍ አስያዘቻቸው። እኔ ከኋላ ቆሜ መብራቱን አየው ነበር፤ ላይ፣ ታች፣ ዳር፣ መሐል እያለ ብልጭ ድርግም ይላል። አባየ ቁልፉን በአውራ ጣታቸው ይዘው በጨዋ ደንብ ይጠብቃሉ። ብዙ ቆየ። ወደ መጨረሻው ላይ ቀና ሳይሉ እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦

«ልጄ፣ መብራቱ መቼ ነው የሚጀምረው?»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ አየችኝና ወዲያው ዓይኗን መለሰች።

ግፊት ነው አለች። ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ጅማቱን ቀስ በቀስ ይገድለዋል፤ ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል ይመጣል። ቀኙ አልቋል። ግራው በቀርከሃ ቀዳዳ እንደማየት ያህል ቀርቷል። የሄደው አይመለስም። የቀረውን ማቆየት ግን ይቻላል፤ ጧት አንድ ጠብታ፣ ማታ አንድ ጠብታ፣ ዕድሜ ልክ። «አንድ ቀን እንዳይዘለል አባ» አለቻቸው። «አልተሻለኝም፣ ተሻለኝም ብለው እንዳያቋርጡ። ካቋረጡ ይቺም ትሄዳለች።»

ስንወጣ «ተመስገን፣ ግማሽ ዓይን ተረፈልን» አሉ። ክንዳቸውን ይዤ መድኃኒት ቤት ፍለጋ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ለእኔ ጥሩ ነበሩ። ማድረግ የምችለው ነገር ነበረኝ። አንዱ ብልቃጥ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ሌላው ቡሬ ከሚገኝ መድኃኒት ቤት ይገዛል፣ ወይ እኔው ይዤው እሄዳለሁ፣ ወይ ለበርበሬዋ ሴት እሰጣታለሁ። «ለዓይን ማሳከክ ነው» እላታለሁ፤ እሷም «የኩሩ ሰው ዓይን ያሳክካል» ብላ ጡቷ ሥር ትሸጉጠዋለች። በስልክ «ጨመሩ?» ስላቸው «ተመስገን» ይሉኛል። ተመስገን አዎ ማለት መስሎኝ ነበር።

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት መንገድ ተዘጋ። እንዲህ ያለው ነገር ለእኛ አገር አዲስ ስላልሆነ ማን ዘጋው፣ ለምን ተዘጋ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው «ከየት እስከ የት?» ብቻ ነው። ቡሬ መገንጠያው ላይ የጭነት መኪኖች ተደርድረው ቀሩ። እህል የሚያመጣ ስለጠፋ ነጩ ሳህኔ አቧራ ለበሰ። ስልክ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሦስት ቀን ዝም ይላል። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ብልቃጥ ጠብታ ተቀምጦ በየጧቱ አየዋለሁ፤ አንድ ቀን እንዳይዘለል፣ አንድ ቀን እንዳይዘለል እላለሁ። በዚያ ሰሞን ስንኝ ለመጻፍ ስቀመጥ የሚመጣልኝ ይኸው ብቻ ነበር። ስንኝ አይሆንም።

የመጨረሻው ብልቃጥ አለቀ ብዬ ባሰብኩበት ሳምንት በእግሬ ለመሄድ ቆረጥኩ። ጎህ ሲቀድ ከቡሬ ወጣሁ። እስከ ማንኩሳ ገለባ የጫነ የፈረስ ጋሪ ላይ ተፈናጠጥኩ፤ ባለጋሪው «ምን የሚያስሮጥ ጉዳይ ነው?» ሲለኝ ብልቃጡን አሳየሁት። «ይችን?» አለ። «ይቺማ ለቁንጫ አትበቃም።» ከማንኩሳ ወዲህ ያለውን በእግሬ ሄድኩ። አስፋልቱ ባዶ ሆኖ ሳየው ያስፈራ ነበር፤ በሬዎች መሐሉ ላይ ተኝተው ያመሰኩ ነበር። ከቀትር በኋላ፣ እግሬ ውኃ ቋጥሮ፣ ቤት ደረስኩ።

አባየ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። እማየ አገላብጣ ሳመችኝና እግሬን ለማጠብ ውኃ ልታመጣ ወጣች። እኔ ብልቃጡን ለማስቀመጥ ወደ አባየ መኝታ ገባሁ፤ ዳዊታቸው ከተሰቀለበት ሥር አንዲት መደርደሪያ አለች። እዚያ ላይ ሁለት ብልቃጦች ተደርድረው ነበር። አንዱ ማሸጊያው እንኳ አልተነካም። ሌላውን አንሥቼ ጆሮዬ ላይ አወዛወዝኩት። ግማሽ እንኳ አልጎደለም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። ሲመጡ ከአጥሩ በር እስከ ደጃፍ ያለውን በበትራቸው እየነካኩ ነበር። ከሁለት ወር በፊት በትሩን ትከሻቸው ላይ ያደርጉት ነበር።

«አባየ፣ መድኃኒቱን አልጨመሩም።»

ድምፄን ሰምተው ፊታቸው በራ፤ ቃሉን ሲሰሙ ጠፋ። ቁጭ አሉ።

«ጨምሬ ነበር» አሉ። «ጾሙ እስኪገባ።»

«ጾሙ ምን አገናኘው?»

«ይመራል።»

«ዓይን ላይ የሚደረግ ነገር ይመራል እንዴ?»

«ጉሮሮ ይወርዳል እኮ!» አሉ፤ እንደማላውቅ ሆኜ የተከራከርኳቸው መሰላቸው። «ዓይኔ ላይ ጠብ ባለ በቅጽበት ጉሮሮዬ ይመራል። እኔ ልቀድስ ስል ውኃ ያመልጠኛል ብዬ አፌን የማልጉመጠመጥ ሰው ነኝ። ጉሮሮዬ የሚመር ነገር አስገብቼ ሥጋ ወደሙ ፊት ልቁም?»

እውነታቸውን ነው፤ ጠብታው ጉሮሮ ይወርዳል። በኋላ ሐኪሟ እንደነገረችኝ ከዓይን ወደ አፍንጫ፣ ከአፍንጫ ወደ ጉሮሮ መንገድ አለ። ይህን ማንም ቀድሞ አልነገራቸውም፤ በምላሳቸው ደረሱበት። ባልንጀራቸው ቄስ በመንገዱ መዘጋት ዳሞት ማዶ ቀርተው ስለነበር፣ ሳምንቱን የሚቀበላቸው ሌላ ሰሞነኛ ጠፍቶ፣ አባየ በየቀኑ እሳቸው ይገቡ ነበር። በየቀኑ ስለሚገቡ በየቀኑ ዘለሉት።

«ማታስ? ከማዕድ በኋላስ?»

«መጀመሪያ ማታ ማታ አደርግ ነበር። በኋላ ጧት ስነሣም ምሬቱ ያለ እየመሰለኝ ተውኩት።»

«ታዲያ ለምን የንስሐ አባትዎን አይጠይቁም? ይፈቅዳሉ አይፈቅዱም ይነግሩዎታል።»

በትራቸውን ወደ ጉልበታቸው ሳቡ። ያኔ ገባኝ። ስለ ጠብታው ለመጠየቅ ስለ ዓይኑ መናገር አለባቸው፤ ስለ ዓይኑ ከተናገሩ መቅደሱ ይዘጋባቸዋል። ጣቶቼን ፊታቸው ላይ ዘርግቼ «ስንት ነው?» አልኳቸው። አገጫቸውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አንቀሳቅሰው ፈለጉት። «እጅሽን አንሺ እንጂ» አሉ። አንሥቼው ነበር።

በማግስቱ ጧት ቃሌን ለማፍረስ ወጣሁ።

የንስሐ አባታቸው ከአባየ በብዙ የሚበልጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ካለች ጎጆ ነው የሚኖሩት። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። መስቀል ተሳልሜ፣ እግራቸው አጠገብ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ዓይኑን፣ ሐኪሟን፣ ብልቃጡን፣ ጉሮሮውን። የምነግራቸው ለአንድ ቃል ብዬ ነበር፤ «ፈቅጃለሁ» የሚል። ሰምተው ሲጨርሱ ሳቁ።

«ዓይን አፍ ሆነ እንዴ?» አሉ። «አባትሽ ከልጅነቱም እንዲህ ነው። ቄስ ትምህርት ቤት ሳስተምረው አፉ ዝንብ ብትገባበት ጾም ገደፍኩ ብሎ የሚያለቅስ ልጅ ነበር። ጠብታው ጾም አይሽርም። ይህን ለመፍታት አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባ። እንግዲያው ይንገሩልኝ።»

አልተነሡም። በበትራቸው ጫፍ አፈሩን ጫር ጫር ሲያደርጉ ቆዩ።

«ሁለተኛውን ነገር ግን ለምን ነገርሽኝ ልጄ?» አሉ።

«የቱን?»

«እንደማያይ። ሥጋ ወደሙን ይዞ ቢሰናከልስ? አንዲት ፍርፋሪ ብትወድቅበትስ? ሳላውቅ የእሱ ነበር። አሁን አውቄ ዝም ካልኩ የእኔ ነው።»

ለመንኳቸው። አባየ እርምጃውን እንደሚያውቁት፣ አንድም ቀን እንዳልተሰናከሉ፣ ጾሙ እስኪፈታ ብቻ እንዲታገሡ። እኔ በጆንያ ውስጥ አንድ የነቀዘ ፍሬ ካየሁ «ለአንድ ፍሬ ብለሽ?» የሚሉኝን ሾፌሮች እንዴት እንደምመልሳቸው ትዝ አለኝ፤ ልክ እንደ እነሱ እየለመንኩ ነበር። ሽማግሌው እኔ እህሉን እንደማየው አዩኝ። ጭካኔ አልነበረም። የማያልፍ ነገር ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በፊት ቤታችን መጡ። እማየ ደንግጣ መደቡን አነጠፈች። ሁለቱ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብቶች፣ ስለ መንገዱ አወሩ። ከዚያ ሽማግሌው፦

«ዛሬ እኔ እገባለሁ» አሉ። «ጉልበቴም ቢሆን አልሞተም።»

አባየ ወደ እኔ ዞሩ። ማለት፣ እኔ ወዳለሁበት ወደመሰላቸው ዞሩ፤ ምሰሶውን ነበር ያዩት።

«ነገም?» አሉ።

«ነገም።»

«እሺ» አሉ። «ይፍቱኝ።»

ሽማግሌው ሲወጡ እማየ ጉዳዩ ገብቷት ማልቀስ ጀምራ ነበር። አባየ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አመሻሹ ላይ አጠገባቸው ስቀመጥ ብቻ፦

«ዓይን ለመቅደስ ነው ልጄ» አሉኝ። «መቅደስ ለዓይን አይደለም። ይኼን አላስተማርኩሽም መሰለኝ።»

 ዓይናቸውን ላተርፍ የሄድኩ ሰው፣ ዓይናቸውን የሚፈልጉበትን ነገር ነጠቅኋቸው። ዓይኑም አልተረፈም፤ ሐኪሟ «ይቺም ትሄዳለች» ያለችው፣ ፊታቸው ላይ ጣቴን ባነሣሁ ቁጥር ስትሄድ አያታለሁ። መንገዱ ተዘግቷል፤ ባህር ዳር በጨረቃ ላይ ያለች ያህል ሩቅ ናት። በሁለት ብልቃጥ ላይ ሦስተኛ ያመጣሁ እኔ፣ አንድም ጠብታ ወደ ኋላ መመለስ አልችልም።

ወሬው በሁለት ቀን አገሩን አዳረሰ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሰው ሁሉ ከሩቅ እየጮኸ ሰላምታ ይሰጣቸው ጀመር። «አባ! እኔ ነኝ! የወንዝ ማዶዋ!» «አባ! እኔ ነኝ፣ ባለ ወፍጮው!» የበርበሬዋ ሴት መንገድ ላይ እግራቸው ሥር ወደቀች።

«ኮሩ አልኩ እኮ! ምላሴ ይቆረጥ አባ!»

«ተነሺ» አሏት። «ደግሞ አትጩሂብኝ። የጠፋው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬን ደግሞ እናንተ ልታጠፉት ነው።»

በወንዶች በኩል፣ ከግድግዳው ሥር፣ ከምእመናን መሐል ቆሙ። እኔ ከሴቶች በኩል አያቸው ነበር። ከውስጥ የሽማግሌው ድምፅ ይመጣል፤ ደክሟል፣ አንዳንድ ቦታ ይቆራረጣል። በተቆራረጠ ቁጥር የአባየ ከንፈር ሳይቆራረጥ ይቀጥላል። እጃቸው በባዶው ላይ ገጽ ይገልጥ ነበር። ወደ መሬት አየሁ። ከዚያ በኋላ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቀና አላልኩም።

ሰኞ ጧት አንድ ባጃጅ እስከ ማንኩሳ ድረስ መሄድ እንደተፈቀደ ተሰማ። ፋብሪካው ጠርቶኛል፤ ያልሄደ ሠራተኛ እንደለቀቀ ይቆጠራል ተብሏል። መሄድ ነበረብኝ። የቀረው ጥያቄ ጠብታውን ማን ይጨምራል የሚለው ነበር። አባየ ራሳቸው ማነጣጠር አይችሉም፤ ብልቃጡ ከግንባራቸው ላይ ሲንጠለጠል አያዩትም። እማየን አስተማርኳት። ብልቃጡን ይዛ ዓይናቸው ላይ ስታጎነብስ እጇ አልጸና ብሎ ጣለችው። «የሰው ዓይን አልነካም» ብላ ወጣች። ጎረቤት ብለን አሰብን። አባየ ይሰሙናል፤ ስለ ሌላ ሰው እንደምንነጋገር ሁሉ።

ቦርሳዬን አንግቼ ደጃፍ ላይ ሳለሁ የንስሐ አባታቸው በአጥሩ በር ገቡ። በዚያ ጉልበት ከቅጥሩ እስከ እኛ ቤት ወንዝ ተሻግረው፣ ነጠላቸው ጫፉ ርሶ። ለማንም ሰላምታ አልሰጡም።

«ብልቃጡ የታለ?» አሉ።

እማየ አምጥታ ሰጠቻቸው። አባየ ድምፃቸውን ሲሰሙ ከመደቡ ሊነሡ ሞከሩ።

«ተቀመጥ። ቀና በል።»

«አባ፣ እርስዎ እንዲህ…»

«ቀና በል አልኩህ። ጧትም ማታም እኔ ነኝ የምመጣው። ጾም ገደፍኩ ካልክም ኃጢአቱ በእኔ ላይ ነው።»

አባየ ጭንቅላታቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ከፈቱ። ሽማግሌው በግራ አውራ ጣታቸው የዓይኑን ቆብ ወደ ላይ ያዙና ብልቃጡን ገለበጡት። እጃቸው ከእማየ እጅ አይሻልም ነበር። የመጀመሪያው ጠብታ ጉንጫቸው ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ቅንድባቸው ላይ። አባየ አልተንቀሳቀሱም፤ ውኃው በጺማቸው ውስጥ ሲወርድ አልጠረጉትም።

«አገኘህ?» አሉ ሽማግሌው።

«አላገኘኝም።»

«ዝም በል፣ እንደገና ነው።»

ከታች ባለባጃጁ ጡሩንባውን ሁለት ጊዜ ነፋ፤ ሰው ሞልቶበታል፣ አይጠብቅም። ሦስተኛውን ሳላይ ቁልቁለቱን ጀመርኩ።